የጣፋጩ ፎቶና የጤናችን አማና

አልሐምዱሊላህ፣ አላህ (ሱ.ወ) ለሌላ ረመዳን ደጃፍ አድርሶናል። በዚህ ዕትም ይዘንላችሁ የቀረብነው ርዕስ መጀመሪያ ሲሰሙት ከጤና ጋር የማይገናኝ ሊመስል ይችላል፤ ስለ ጣፋጭ ምግቦች ፎቶ ነው። እስከ መጨረሻው አብራችሁን ከዘለቃችሁ ግን ግንኙነቱን ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ፤ ኢንሻ አላህ።

ቀደም ባለው ጊዜ ጣፋጭ የምንገዛው በዓይናችን እያየን ነበር። በረመዳን ከዐስር ሶላት በኋላ በመርካቶ ታላቁ አንዋር መስጂድ አካባቢ የሚያልፍ ሰው ሳምቡሳው ከዘይት ሲወጣ፣ ቴምሩ ሲመዘን ያያል፤ መጠኑን ያውቃል፤ ካላማረው ትቶት ያልፋል። ይህ ዛሬም አለ። ከዚሁ ጎን ለጎን ግን ቤታቸው ጋግረው በትዕዛዝ የሚሸጡ እህቶች በዝተዋል። ባቅላባውን፣ ባስቡሳውን፣ ብስኩቱን የምንመርጠው በስልክ ከተላከልን ፎቶ ነው። እንግዲህ ፎቶው ሻጭም፣ ሚዛንም፣ ምስክርም ሆኗል ማለት ነው። ሚዛኑ ሲዛባ ደግሞ ጉዳቱ ከኪሳችን አልፎ ጤናችን ላይ ይደርሳል። እንዴት? ከአንዲት እህታችን ታሪክ እንነሣ።

አንድ ትሪ፣ ሁለት ዓይነት አቆራረጥ

በሰፈራችን የምትኖር አንዲት እህት አለች። ባለ አንድ መደርደሪያ ኦቨንና አራት ትሪ አላት፤ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው፣ እናቷንም የምትጦረው በዚሁ ሥራ ነው። ዘንድሮ ሻዕባን እንደገባ ቤት ድረስ መጥታ፣ "እህቴ፣ አዲስ ፎቶ አብረን እናንሣ። የአምናውን ማውጣት አልፈልግም" አለችኝ። የአምናው ምን እንደሆነ ስጠይቃት እንዲህ ስትል አጫወተችኝ።

አምና ረመዳን ሊገባ ሲል ስልኳን አንዲት የባስቡሳ ቁራጭ አፍንጫ ሥር አስጠግታ ፎቶ አነሣች። ቁራጯ ፎቶው ላይ ጡብ አከለች። ትዕዛዙ ጎረፈ። ዕቃው ሲደርሳቸው ግን ደንበኞቿ ቅር አላቸው፤ "ፎቶው ላይ ትልቅ ነበር፣ ምነው እንዲህ አነሰ?" እያሉ ደወሉ። እርሷም ደንበኛ እንዳይርቃት ብላ አንድ መላ ዘየደች። ቀድሞ 48 ቦታ ትቆርጠው የነበረውን ትሪ 24 ቦታ መቁረጥ ጀመረች። ዋጋውንም በዚያው ልክ አስተካከለች። ቅሬታው ቆመ። ባስቡሳው ፎቶውን መሰለ።

እናቷ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ካለባቸው ዓመታት ተቆጥረዋል። ሐኪማቸው የመድኃኒቱን ሰዓት አስተካክሎላቸው ይጾማሉ። ለዓመታት ልማዳቸው አንድ ነው፤ ካፈጠሩና ከሰገዱ በኋላ ከልጃቸው ባስቡሳ ሁለት ቁራጭ ይቀምሳሉ። አምናም እንዲሁ አደረጉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጥማቱ አልቆርጥ አላቸው፤ ሌሊቱን ሽንት ሲያመላልሳቸው ያድር ጀመር፤ ዓይናቸው ብዥ አለ። ጤና ጣቢያ ሲወሰዱ በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ከ300 በላይ ሆኖ ተገኘ። ጾማቸውን አቋርጠው ታከሙ፤ አላህ አዳናቸው። ሐኪሙ የክኒናቸው ሰዓት መዛባትም ድርሻ እንደነበረው ነግሯቸዋል። እርሳቸው ግን ደጋግመው ይሉ የነበረው አንድ ነገር ነው፦ "እኔ ሁለት ብቻ ነው የበላሁት፤ እንደ ወትሮዬ ሁለት።"

እውነታቸውን ነው። የአምናው ሁለት ግን የካቻምናው አራት ነበር።

እህታችን ይህን ነግራኝ ስትጨርስ፣ "እኔ ማንንም አልዋሸሁም፤ ግን ፎቶዬ ዋሸብኝ፤ እኔም ፎቶዬን ተከተልኩት" አለች። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም የተጸነሰው ያኔ ነው።

ከላይ የሚታየውና ከሥር ያለው

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር እንዳዩ፣ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡም ጣቶቻቸው እርጥበት እንዳገኙ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ኢማም ሙስሊምም በሶሒሓቸው ዘግበውታል። ሻጩ ስለ እርጥበቱ ሲጠየቅ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች እንዲያዩት የረጠበውን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው መንገድ ውጭ መሆኑንም አስጠነቀቁ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ታሪክ ሁላችንም በኹጥባ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ሰውየው በእህሉ ላይ ውኃ አላፈሰሰም፤ ያረጠበው ዝናብ ነው። በአፉም ሐሰት መናገሩ አልተወሳም። ጥፋቱ ገዢው የሚያየው የክምሩን ላይ ብቻ መሆኑን እያወቀ፣ ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከሥር መተዉ ነው። በዛሬው ንግዳችን ፎቶ የክምሩ ላይ ነው። ገዢው እጁን ወደ ውስጥ ሊያስገባ አይችልም። ስለዚህ ከሥር ያለውን ወደ ላይ ማውጣት የሻጩ አማና ነው።

ይህ በእምነት ሰዎች ዘንድ ብቻ የሚታወቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ካምቤል የተባለው የሾርባ ኩባንያ ለማስታወቂያው በሚነሣው ሾርባ ሥር ልጆች የሚጫወቱበትን የመስታወት ብይ አድርጎ ነበር። ብዩ ከሥር ስለሚይዘው ሥጋውና አትክልቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሾርባው የጠገበ ይመስላል። የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1970 ኩባንያው ይህን አሠራር እንዲተው አድርጓል። የእህሉ ክምርና የሾርባው ሳህን በአንድ ዓይነት ፍርድ ተዳኙ ማለት ነው።

ስኳሩን በማንኪያ እንቁጠረው

አሁን ወደ ጤናው ጉዳይ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ውስጥ ከተጨማሪ ስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ ይበልጥ እንደሚጠቅም ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ በግራም ሲሰላ 50 ግራም፣ ቢቻል ደግሞ 25 ግራም ማለት ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 50 ግራም 12 ማንኪያ፣ 25 ግራም 6 ማንኪያ ያህል ይሆናል። ማርና የጭማቂ ስኳር በዚሁ ቁጥር ውስጥ ይገባሉ። ቴምርን ከነሥጋው ስትበሉት ግን ስኳሩ ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ ይህ ማለት ግን የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እንዳሻው ይብላ ማለት አይደለም።

የእህታችንን ትሪ እንመዝነው። ግማሽ ኪሎ ሰሞሊና ታቦካለች። ሊጡ ውስጥ 200 ግራም ስኳር ይገባል። ከኦቨን ሲወጣ የሚፈስበት ሽሮፕ ደግሞ 400 ግራም ስኳር አለው። ድምሩ 600 ግራም ነው። ይህ ትሪ 48 ቦታ ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ 12 ግራም ተኩል፣ ማለትም 3 ማንኪያ ያህል ስኳር ይይዛል። 24 ቦታ ሲቆረጥ ግን 25 ግራም፣ ማለትም 6 ማንኪያ ያህል ይሆናል። እናቷ የበሏቸው ሁለት ትልልቅ ቁራጮች 50 ግራም ስኳር ነበሩ። ይህ እንግዲህ አንድ ጤነኛ ሰው ቀኑን ሙሉ እንዳያልፈው የተመከረው መጠን ነው። በላዩ የተጠጣው ሻይ ገና አልተቆጠረም።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በ13 አገሮች ከ12,000 በላይ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሙስሊሞች ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ በረመዳን ሆስፒታል የሚያስገባ የስኳር መጨመር ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ወደ አምስት እጥፍ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ከመጠን በታች መውረዱም እንዲሁ ጨምሯል። የምክንያቱ ሁሉ መነሻ ጣፋጭ ነው ባንልም፣ ቀኑን ሙሉ ባዶ በነበረ ሆድ ላይ የሚወርድ ብዙ ስኳር ለእነዚህ ሰዎች ቀላል ነገር አለመሆኑን ማንም ሐኪም ይነግራችኋል።

ከመስኮቱ ሥር

እናም እኔና እህታችን አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዲሱን ፎቶ ለማንሣት ተቀመጥን። ትሪውን እንደ ድሮው 48 ቦታ ቆርጣዋለች። የነበረን አንድ ስልክ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ነጭ አቡጀዲና ከልጇ ደብተር የተገነጠለ ነጭ ወረቀት ነው። እናንተም ብትጋግሩ ወይም የምትጋግር ዘመድ ብትኖራችሁ ይጠቅማችኋልና የሠራነውን በዝርዝር እንንገራችሁ።

1. ብርሃን። ሳህኑን ከመስኮቱ አጠገብ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አድርገን አስቀመጥነው። ፀሐዩ በቀጥታ ሲገባ አቡጀዲውን በመስኮቱ ላይ ጋረድነው፤ ብርሃኑ ለዘብ አለ። በተቃራኒው በኩል ነጩን ወረቀት ስናቆም የጨለመው ጎን ፈካ። የስልኩን ፍላሽ አጠፋን፤ የክፍሉን አምፖልም አጠፋን። ቢጫ አምፖል ከቀን ብርሃን ጋር ሲደባለቅ የምግቡን ቀለም ያበላሸዋል።

2. ርቀት። የአምናው ስሕተት ዋናው መንሥኤ ይህ ነው። የስልክ ካሜራ ሰፊ ቦታ የሚያይ ሌንስ ስላለው በጣም ሲያስጠጉት ከፊት ያለውን ያገዝፋል፣ ከኋላ ያለውን ያሳንሳል። ስለዚህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለን ትንሽ አቀረብነው። ቁራጯ በልኳ ተመለሰች።

3. መለኪያ። ከቁራጯ አጠገብ የቡና ሲኒ አስቀመጥን። የሲኒን መጠን የማያውቅ አበሻ የለም፤ ያየው ሰው ሁሉ ቁራጯ ምን ያህል እንደሆነች ወዲያው ይረዳል። ሆን ብሎ በጣም ትንሽ ሳህን መምረጥ ግን ያው ማታለል ነው፤ በትንሽ ሳህን ላይ ትንሹ ይገዝፋልና።

4. ያልገባበትን አለማስገባት። ለጌጥ ብላ የማር ማሰሮ ከጎኑ ልታቆም ነበር። "ማር ገብቶበታል?" አልኳት። "የለም፣ የስኳር ሽሮፕ ነው" አለች። ማሰሮው ወደ ጓዳ ተመለሰ። አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ለውዝ ፊስዱቅ አስመስሎ ማቅረብም፣ በቀለም ቢጫ የሆነውን ዛዕፈራን ያለበት ማስመሰልም ከዚሁ ይቆጠራል።

5. ውስጡን ማሳየት። አንዷን ቁራጭ ለሁለት ከፍለን የተቆረጠውን ፊት ወደ ብርሃኑ አዞርነው። መሐሉ ምን እንደሆነ፣ ሽሮፑ ምን ያህል እንደዘለቀ ይታያል። እጅን ወደ ክምሩ ማስገባት ማለት ይህ ነው።

6. ፍጥነት። ለንግድ ማስታወቂያ ፎቶ የሚያነሡ ባለሙያዎች በሽሮፕ ፈንታ የሞተር ዘይት፣ በክሬም ፈንታ የጢም መላጫ አረፋ፣ በወተት ፈንታ ሙጫ ሲጠቀሙ ኖረዋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው እውነተኛው ምግብ በመብራት ሥር ብዙ ሲቆይ ስለሚደርቅና ስለሚፈርስ ነው። እኛ ግን ይህ አላስፈለገንም። ሽሮፑ እንደፈሰሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብታነሡት በራሱ ያብረቀርቃል። ሳህኑን፣ ሲኒውንና መስኮቱን ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ምግቡን መጨረሻ ላይ አምጡት።

7. ቀለም። ፎቶው ካለቀ በኋላ ስልኩ ላይ ቀለሙን ማድመቅ አይገባም። ዳቦም ሆነ ባስቡሳ የራሱ ቡናማ መልክ አለው፤ ያም ያምራል።

ካሜራ ፊት የቆየ ምግብ

እዚህ ላይ አንድ ቸል የሚባል የጤና ጉዳይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የምግብ ደኅንነት ምክር የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት እንደሌለበት ይናገራል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ጀርሞች በፍጥነት ይራባሉ። ብዙ ስኳር የጠጣ ደረቅ ጣፋጭ እንደ ባቅላባ ያለው ይህን ያህል አያሰጋም፤ ስኳሩ ውኃውን ስለሚይዘው ጀርም በቀላሉ አይራባበትም። ክሬም ያለበት ኬክ፣ ሙሃለቢያና ወተትና እንቁላል የበዛበት ሁሉ ግን ያሰጋል።

ስለዚህ ፎቶ ስታነሡ አንዱን ብቻ አውጡ፤ የቀረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ። ሰዓት ያዙ። ብዙ እጅ የነካውን፣ ዝንብ ያረፈበትን፣ ስልክ በነካ እጅ የተስተካከለውን ቁራጭ ለደንበኛ አትሽጡ። ይህ ማለት ግን ይጣል ማለት አይደለም፤ ኢስራፍ (ብክነት) የተከለከለ ነው። እጃችሁን ታጥባችሁ በንጽሕና ከያዛችሁትና ጊዜው ካላለፈ፣ ፎቶው እንዳለቀ ከቤተሰብ ጋር ብሉት።

ከፎቶው ሥር ምን ይጻፍ?

ፎቶ ሁሉን አይናገርም። ስኳር ነጭ ሆኖ ገብቶ ይሟሟል፤ ዓይን አያየውም። ስለዚህ ከፎቶው ሥር ሁለት ሦስት መስመር መጨመር ግድ ነው። እኛ የጻፍነው እንዲህ የሚል ነበር፦

"ባስቡሳ። አንድ ትሪ 48 ቁራጭ። በአንድ ቁራጭ ውስጥ 3 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። የገባበት፦ ሰሞሊና፣ ስኳር፣ እርጎ፣ ቅቤ፣ ለውዝ። በታዘዘ ዕለት ይጋገራል።"

የስኳሩን ቁጥር ማግኘት ከባድ አይደለም። በሊጡና በሽሮፑ ውስጥ የገባውን ስኳር በግራም ደምሩ፤ በቁራጮቹ ብዛት አካፍሉ፤ የተገኘውን ለ4 አካፍሉ። ውጤቱ የማንኪያው ቁጥር ነው።

ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ወተት፣ እንቁላልና ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎች፣ በተለይ ሕፃናት፣ አሉ። ለአንዳንዶቹ ጥቂቱ እንኳ ትንፋሽ እስከማሳጣት ይደርሳል። የገባበትን መጻፍ እነዚህን ይጠብቃል። ጄላቲን ከተጠቀማችሁ ምንጩ፣ ፈሳሽ ቫኒላ ከሆነም አልኮል ይኑረው አይኑረው መጻፉ የገዢውን ልብ ያሳርፋል። ማር የገባበትን ጣፋጭ ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን መስጠት እንደማይገባ አትርሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ እንጨምር። "ለስኳር ሕመምተኞች የሚሆን" ብላችሁ አትጻፉ። ስኳሩ በማር ወይም በተፈጨ ቴምር ስለተተካ ብቻ ጣፋጩ ለሕመምተኛ የተፈቀደ አይሆንም። የዱቄቱም ስታርች በሆድ ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል። ያላችሁን ቁጥር ብቻ ጻፉ፤ ውሳኔውን ለሕመምተኛውና ለሐኪሙ ተዉት።

እኛ ገዢዎችስ?

ጥፋቱን ሁሉ ጋጋሪዋ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። እህታችንን ትሪውን 24 ቦታ እንድትቆርጥ ያደረጋት የእኛ ቅሬታ ነው። ግዙፍ ሆኖ የታየንን ስንመርጥ፣ በልኩ የታየውን ስናልፍ፣ ሐቀኛዋን እየቀጣን፣ ፎቶዋን ያሳበጠችውን እየሸለምን ነው። ስለዚህ እናንተም፦

ከማዘዛችሁ በፊት ክብደቱን ወይም የቁራጩን ቁጥር ጠይቁ። ምን እንደገባበት ጠይቁ። ደንበኛ ከጠየቀ ሻጭ መጻፍ ይጀምራል።

በውኃና በቴምር አፍጥሩ፤ መግሪብን ስገዱ፤ ምግባችሁን ብሉ። ጣፋጩ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ያን ጊዜ ትንሹ ይበቃል። ጣፋጭ ባለበት ምሽት የሻዩን ስኳር ቀንሱ።

ቁራጭ ስትቆጥሩ መጠኑንም እዩ። "ሁለት ብቻ" የሚለው ቃል የሁለቱ መጠን ካልታወቀ ትርጉም የለውም።

በቤታችሁ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ካለ ከረመዳን በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ መሄድ ይመረጣል፤ እስካሁን ያልሄደ ግን ቀኑ አልፏል ብሎ እንዳይቀር። በጾም ሰዓት ጣትን ወግቶ ስኳርን መለካት ጾምን እንደማያበላሽ ብዙ ዑለማእ ያስረዳሉ። መለኪያው ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ካሳየ ጾሙን ወዲያው ማፍረስና መታከም ይገባል። አላህ ለታመመ ሰው ሌላ ቀን እንዲያካክስ፣ ለማይችልም ፊድያ እንዲከፍል ፈቅዷል፤ የእርሱን ምሕረት መቀበል ድክመት አይደለም።

በመጨረሻ

አዲሱ ፎቶ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆነው። እህታችን እንደነገረችኝ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል አልነበሩም። "ዘንድሮ ምነው አነሰ?" ያሉ አሉ። "ስኳሩን ለምን ጻፍሽው፣ ሰው ይሸሽብሻል" ያሏትም አሉ። ጥቂት የአምና ደንበኞች ወደ ሌላ ሄደዋል፤ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። ልጆች የምታሳድግ ሴት ናትና አይፈረድባትም። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ወንድም ደውሎ፣ "ያ ቁጥር የተጻፈበትን ላኪልኝ፤ አባቴ ስኳር አለባቸው፣ አንዷን ብቻ እሰጣቸዋለሁ" ብሎ አዟል። ከእርሱ በኋላ ሦስት ሰዎች ቁጥሩን ጠቅሰው ጠይቀዋታል። የቀረው የአላህ ሪዝቅ ነው።

ፎቶ ባነሣንበት ቅዳሜ ሥራው ሲያልቅ ትሪው ሳይነካ ቀርቶ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን (ረ.ዐ) ወጥ ሲሠራ መረቁን አብዝቶ ለጎረቤቶቹም እንዲያዳርስ መክረውታል። እህታችንም ከትሪው ላይ እያነሣች ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ጎረቤት በሳህን በሳህን ላከች። እናቷ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። አንዷን ቁራጭ አንሥተው ከሲኒው አጠገብ አስተያዩዋት፤ ከዚያም ስኳር ያልገባበት ሻይ አስቀድተው እርሷኑ ብቻ ቀመሱ። "አሁን ሁለት ብል ሁለት ነው፤ ግን አንድ ይበቃኛል" አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ረመዳን ስልካችሁ ላይ የሚያምር ጣፋጭ ስታዩ አጠገቡ ሲኒ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የምትጋግሩ እህቶችም ሲኒዋን አትርሱ። አላህ ንግዳችንን በሐቅ፣ ማዕዳችንን በልክ፣ አካላችንን በዓፊያ ያድርግልን፤ ጾማችንንም ይቀበለን። አሚን።